አዲስ አበባ ሲገቡ ለብስክሌት የሚመች ሰፈር እንዴት ይመረጣል

ከባሕር ዳር፣ ከሐዋሳ ወይም ከድሬዳዋ ለሥራ ወይም ለትምህርት ወደ አዲስ አበባ የሚዛወር ሰው ብዙ ጊዜ ብስክሌቱን ለወንድሙ ወይም ለጎረቤቱ ትቶ ይመጣል። ከተማዋ ዳገት ናት፣ መኪናው መፈናፈኛ ያሳጣል፣ ለብስክሌት አትሆንም የሚለው ምክር ከየአቅጣጫው ስለሚሰማ ነው። ምክሩ ለአንዳንዱ ሰፈር እውነት ነው። ለሌላው ሰፈር ግን ፈጽሞ እውነት አይደለም፤ ሜዳ ለሜዳ ሄዶ በግማሽ ሰዓት ሥራ ቦታው የሚደርስ፣ ለታክሲ ሰልፍ የማይቆም ሰው በዚችው ከተማ ይኖራል። ይህ መመሪያ የተጻፈው ቤት ገና ላልተከራዩና በየቀኑ በብስክሌት ለመመላለስ ላሰቡ ሰዎች ሲሆን፣ ከሁሉ በፊት እንዲያዝልኝ የምፈልገው ነገር አንድ ነው። በአዲስ አበባ ብስክሌተኛ መጀመሪያ የሚመርጠው መስመሩን ነው፤ ቤቱ በመስመሩ ላይ ይፈለጋል።

ደረጃ 1፦ የሚመላለሱባቸውን ቦታዎች ይጻፉ

ደላላ ከማነጋገርዎ በፊት አዘውትረው የሚሄዱባቸውን ቦታዎች በወረቀት ላይ ያስፍሩ፦ መሥሪያ ቤት ወይም ዩኒቨርሲቲ፣ የልጆች ትምህርት ቤት፣ ገበያ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ። ለምርጫው መሠረት የሚሆነው በየቀኑ የሚሄዱበት አንዱ ቦታ ነው፤ ሌሎቹ ተቀራራቢ የሆኑ ሁለት ሰፈሮች ሲገጥሙዎት ለማመዛዘን ያገለግላሉ።

በተራ ብስክሌት ከተማ ውስጥ የሚጓዝ ሰው የትራፊክ መብራቱንና መጨናነቁን ጨምሮ በሰዓት ከ12 እስከ 15 ኪሎ ሜትር ይሄዳል ብሎ ማስላት ይቻላል። በዚህ ስሌት 6 ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል። ለጀማሪ የምመክረው ርቀቱ ከ6 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ ነው፤ ልምድ ያለው ሰው እስከ 10 ሊዘልቅ ይችላል። ርቀቱን የሚለኩት በትክክል የሚሄዱበትን መንገድ ተከትለው መሆን አለበት፤ በካርታ ላይ ቅርብ የሚመስል ቦታ በወንዝ ወይም በባቡር ሐዲድ ምክንያት ረጅም ዙሪያ ጥምጥም ሊጠይቅ ይችላል።

ደረጃ 2፦ የመሬቱን ከፍታ ያጥኑ

ይህ ደረጃ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፤ ስለዚህም ሰፊ ጊዜ ይስጡት። አዲስ አበባ ከእንጦጦ ግርጌ ጀምራ ወደ ደቡብ በሚያዘነብል ተዳፋት ላይ የተሠራች ከተማ ናት። የእንጦጦ ጫፍ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል፤ ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ አቃቂ ደግሞ ወደ 2,100 ሜትር ይወርዳል። ስለዚህ በጥቅሉ ወደ ሰሜን መሄድ ሽቅብ፣ ወደ ደቡብ መሄድ ቁልቁል ነው። ከለገሃር ተነሥቶ በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት የሚወጣ ሰው ይህን በእግሩም ቢሆን ያውቀዋል።

ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የሚደረገው ጉዞ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። እንደ ቀበናና ግንፍሌ ያሉት ወንዞች ከሰሜን ወደ ደቡብ ስለሚፈሱ፣ እነርሱን የሚያቋርጥ መንገድ በየወንዙ ወደ ድልድዩ ይወርድና መልሶ ይወጣል። ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ የሚሄድ ብስክሌተኛ መነሻውና መድረሻው በከፍታ ብዙ ባይራራቁም በመሃል ወርዶ መውጣቱ አይቀርለትም። ይህን ያልተረዳ ሰው የሁለቱን ሰፈሮች ከፍታ ብቻ አነጻጽሮ መንገዱ ሜዳ ነው ብሎ ይሳሳታል። ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ማለትም ወደ ቦሌና ወደ ገርጂ ሲደረስ መሬቱ ዘርጋ ይላል።

ዳገቱን በግምት ከመተው ይልቅ ቢለኩት ይሻላል። በኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ጉግል ኧርዝ ከቤት እስከ ሥራ ያለውን መንገድ በመስመር ከሳሉ በኋላ የከፍታውን ለውጥ በግራፍ እንዲያሳይዎት ማዘዝ ይቻላል፤ ኮምፒውተር የሌለው ሰው ከፍታ የሚያነብ መተግበሪያ በስልኩ ላይ ጭኖ በታክሲ እየሄደ በየፌርማታው ቁጥሩን ሊመዘግብ ይችላል። ከዚያም ወደ ላይ የሚወጡትን ሜትር በተጓዙት ሜትር ያካፍሉ። በ2 ኪሎ ሜትር ውስጥ 60 ሜትር መውጣት 3 በመቶ ዳገት ነው፤ ይህን መካከለኛ ጤንነት ያለው ሰው ማርሽ ባለው ብስክሌት ሳይወርድ ይወጣዋል። ያንኑ 60 ሜትር በ1 ኪሎ ሜትር ውስጥ መውጣት 6 በመቶ ይሆናል፤ ይህም ትንፋሽ የሚያሳጥርና ፍጥነቱን ወደ እግረኛ ፍጥነት የሚያቀርብ ነው። ከ8 በመቶ በላይ የሆነ ዳገት ካለበት ብዙ ሰው ወርዶ መግፋቱ ስለማይቀር ለመግፊያው ጊዜ ይያዙለት።

ከዝቅተኛ ቦታ የሚመጣ ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ማሰብ አለበት። በአዲስ አበባ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ያህል ያነሰ ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር፣ ሐዋሳ 1,700 ሜትር፣ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆኑ፣ እዚያ በቀላሉ ይወጡት የነበረው ዳገት እዚህ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊከብድዎት ይችላል። ሰውነት እየለመደ ስለሚሄድ በእነዚያ ሳምንታት ድካም ብቻ ተነሥተው አንድን ሰፈር አይጣሉት።

ከዚህ ቀጥሎ የሚነሣው ጥያቄ ቤቱ ከሥራው በላይ ይሁን ወይስ በታች የሚል ነው። በእኔ አመለካከት፣ ምርጫ ካለ፣ ቤት ከሥራ ቦታ ጥቂት ከፍ ቢል ይሻላል። ጠዋት ቁልቁል የሚወርድ ሰው ሳያልበው ሥራ ይገባል፤ ማታ ሽቅብ ሲወጣ የሚያልበው ላብ ደግሞ ቤቱ ደርሶ የሚታጠበው ነው። ከዚህ የሚበልጠው ምክንያት ግን ደኅንነት ነው። ክረምት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም፣ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ከቀትር በኋላ ስለሆነ ማታ አስፋልቱ እርጥብ ነው፤ ፀሐይም ዓመቱን ሙሉ በ12 ሰዓት ግድም ስለምትጠልቅ መንገዱ ይጨልማል። በእርጥብና በጨለማ መንገድ ላይ ቁልቁል የሚወርድ ሰው ፍሬኑን ይዞ ጉድጓዱን ለማየት ይቸገራል፤ ሽቅብ የሚወጣው ግን በዝግታ ስለሚሄድ ለማየትም ለመቆምም ጊዜ አለው። የከፍታው ልዩነት ከ100 ሜትር በላይ ከሆነ ግን ይህ ምክሬ አይሠራም፤ ከሥራ የደከመ ሰው በየምሽቱ ያንን መውጣት ይሰለቸውና ብስክሌቱን ይተወዋል።

ደረጃ 3፦ በመንገድዎ ላይ ያሉትን መሰናክሎች ይቁጠሩ

በካርታዎ ላይ የቀለበት መንገዱን፣ የቀላል ባቡሩን ሐዲድና ትልልቅ ማሳለጫዎችን ምልክት ያድርጉባቸው። በ2008 ዓ.ም. መስከረም ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች አሉት፤ አንዱ ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቃሊቲ ይዘልቃል። ከመስቀል አደባባይ እስከ ልደታ ሐዲዱ በድልድይ ላይ ከፍ ብሎ ስለሚሄድ በሥሩ ማለፍ ይቻላል። ከመገናኛ እስከ አያት ባለው መንገድና በሳሪስ በኩል ወደ ቃሊቲ በሚወስደው ግን በአብዛኛው መሬት ላይ መንገዱን ለሁለት ከፍሎ ስለሚሄድ፣ ከአንዱ ወገን ወደ ሌላው የሚሻገሩት በተወሰኑ ቦታዎች ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ትምህርት ቤቱ ከቤትዎ ፊት ለፊት ሆኖ እንኳ ወደ መሻገሪያው ሄዶ መመለስ ሊጠይቅ ይችላል።

የቀለበት መንገድም እንደዚሁ ነው። መኪና በፍጥነት እንዲያልፍበት የተሠራ በመሆኑ ለብስክሌት አይመከርም፤ ለመሻገርም ቢሆን የእግረኛ ድልድዮቹ ደረጃ ስላላቸው ብስክሌቱን ተሸክሞ መውጣትና መውረድ ይጠይቃሉ። እንደ ጎተራና መገናኛ ያሉት ማሳለጫዎች ደግሞ መኪኖች ከብዙ አቅጣጫ በፍጥነት የሚቀላቀሉባቸው ስለሆኑ፣ ጀማሪ ከብስክሌቱ ወርዶ እንደ እግረኛ ማለፍ አለበት። በአንድ ጉዞ ውስጥ እንዲህ ያለ መሰናክል አንድ ጊዜ ቢገጥም ይቻላል። ሁለትና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ቤቱ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ሌላ እንዲፈልጉ እመክራለሁ።

ደረጃ 4፦ የብስክሌት መስመሩ ከየት እስከ የት ሳይቋረጥ እንደሚሄድ ያረጋግጡ

የከተማዋ አስተዳደር ከ2019 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ አለው፤ በ2016 ዓ.ም. የተጀመረው የኮሪደር ልማትም በበርካታ ጎዳናዎች ላይ ከመኪናው የተለየ የብስክሌት መስመር አስገኝቷል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ከተሠሩት መካከል ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ፣ ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ ወደ ቦሌ፣ ከአራት ኪሎ በቀበና ወደ መገናኛ፣ ከቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ መገናኛ፣ እንዲሁም ከሜክሲኮ በሳር ቤት ወደ ጎተራና ወሎ ሰፈር የሚወስዱት ይገኙበታል። ከዚያ ቀደም ብሎ በለቡና በጀሞ መካከል የብስክሌት መስመር ተሠርቶ ነበር።

የመስመር መኖር ብቻውን ግን በቂ አይደለም። አንድ አካባቢ «የብስክሌት መንገድ አለው» ሲባል ሄደው የሚመለከቷቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው። መስመሩ የት ያልቃል? ካለቀ በኋላስ ወደ ሰፈሩ የሚያስገባው መንገድ ምን ይመስላል? ወደ ባንክ፣ ወደ ሆቴልና ወደ ነዳጅ ማደያ የሚገቡ መኪኖች ስንት ቦታ ላይ ያቋርጡታል? በታክሲና በአውቶቡስ ፌርማታ ላይ ተሳፋሪ የሚቆመው በመስመሩ ላይ ነው ወይስ ከመስመሩ ውጭ? ለአንድ አቅጣጫ 2 ሜትር፣ ለሁለት አቅጣጫ 3 ሜትር ስፋት ካለው በምቾት ይኬድበታል፤ ከዚያ ከጠበበ ሰው ሲበዛበት መንዳት ያስቸግራል። እግረኛ በብስክሌት መስመር ላይ ቢሄድ አይቆጡ፤ ብዙ ሰው የእግረኛ መንገድ ራሱ ባልነበረበት ከተማ ስለኖረ ለመለየት ጊዜ ያስፈልገዋል። ደወል ይግጠሙ፤ በዝግታም ይለፉ።

ከሁሉ በላይ አደባባዮቹንና መስቀለኛ መንገዶቹን ይመልከቱ። የትኛውም ሰላማዊ መስመር ወደ አደባባይ ሲደርስ ከመኪናው ጋር ይገናኛል፤ አደጋ የሚበዛውም እዚያው ነው። ለብስክሌት የተቀባ መሻገሪያ ወይም የትራፊክ መብራት ያለበት መስቀለኛ መንገድ ያለውን መስመር፣ ርቀቱ 1 ኪሎ ሜትር ቢጨምርም፣ ይምረጡ።

ደረጃ 5፦ ሰፈሮቹን እያነጻጸሩ ይምረጡ

ከዚህ በታች የምሰጠው ግምገማ የራሴ ነው፤ የሥራ ቦታዎ የት እንደሆነ ታይቶ ሊለወጥ ይችላል።

ሥራው ቦሌ፣ ሃያ ሁለት ወይም መገናኛ አካባቢ ለሆነ ሰው ቀድሜ የምጠቁመው ገርጂን፣ ጉርድ ሾላንና ሲኤምሲን ነው። መሬቱ ሌላው የከተማዋ ክፍል ካለው ዳገት ጋር ሲነጻጸር ለዘብ ያለ ነው፤ ከቦሌ ወደ መገናኛ የሚወስደው የብስክሌት መስመርም ቅርብ ነው። ቦሌ ራሱ ይበልጥ ይመቻል፤ ነገር ግን ኪራዩ ለደመወዝተኛ ስለሚከብድ ገርጂ መካከለኛ መፍትሔ ነው። በሲኤምሲ መንገድ ላይ ባቡሩ በመሃል ስለሚያልፍ፣ ወደ መገናኛ የሚሄዱበትን ወገንና የቤቱን ወገን አስቀድመው ያዛምዱ። ሰሚትና አያት ለልምድ ላለው ሰው ይሆናሉ፤ ለጀማሪ ርቀታቸው ይበዛል።

አራት ኪሎ፣ ፒያሳና ካዛንችስ ለሁሉም ነገር ቅርብ ናቸው፤ መስመርም አላቸው። ዳገቱ አለ፤ ነገር ግን ጉዞው አጭር ስለሆነ ይቻላል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ ወይም በአምስት ኪሎ ግቢ የሚማር ተማሪ አራት ኪሎ አካባቢ ክፍል ካገኘ ለአሥር ደቂቃ ዳገት ብሎ ርቆ መሄድ የለበትም። ችግሩ ቤት ማግኘቱ ነው፤ በእነዚህ ሰፈሮች የነበሩ ብዙ የቆዩ ቤቶች ስለፈረሱ የሚከራይ ክፍል እንደ ድሮው አይገኝም።

በደቡብ ምዕራብ በኩል ሳር ቤትና መካኒሳ ሥራቸው ሜክሲኮ ወይም ጎተራ ለሆነ ሰዎች ጥሩ ናቸው። ለቡና ጀሞ በውስጣቸው ለመንቀሳቀስ ይመቻሉ፤ ልጆችም ብስክሌት ሲለማመዱባቸው ይታያሉ። ከጀሞ ወደ ሜክሲኮ መመላለስ ግን ሽቅብ ከመሆኑም በላይ የቀለበት መንገዱን መሻገር ይጠይቃል። ወደ ሰሜን ሽሮ ሜዳና የእንጦጦ ግርጌ አየራቸው ደስ ይላል፤ ሆኖም ከመስቀል አደባባይ እስከ ሽሮ ሜዳ ከ200 ሜትር በላይ ሽቅብ ስለሆነ፣ በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ለሌለው ሰው በየዕለቱ አልመክረውም።

ስለ ዳርቻ ኮንዶሚኒየሞች ግን የተለመደውን አስተያየት አልጋራም። ኮዬ ፈጬ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ቦሌ አራብሳና የካ አባዶ ሩቅ ናቸው ተብለው ይታለፋሉ፤ ሥራው መሃል ከተማ ለሆነ ሰው በእርግጥም ሩቅ ናቸው። ሥራው እዚያው ለሆነ ሰው ግን በከተማዋና በዙሪያዋ ካሉት ሰፈሮች ሁሉ ለብስክሌት ከሚመቹት መካከል ናቸው። በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወይም በቂሊንጦ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራ ሰው ቱሉ ዲምቱ ወይም ኮዬ ፈጬ ቢከራይ፣ በቦሌ ለሚ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሠራው ደግሞ አራብሳ ቢከራይ፣ ኪራዩም ጉዞውም ይቀልለታል። በነዚህ ሰፈሮች መንገዱ ሰፊ ነው፤ የመኪናው ብዛትም ከመሃል ከተማ ያነሰ ነው። መምህራንና የጤና ባለሙያዎች ምደባቸው እዚያ ከሆነ መሃል ከተማ ቤት ፈልገው በታክሲ ከመንገላታታቸው በፊት ይህን ቢያስቡበት እወዳለሁ።

ደረጃ 6፦ የመጨረሻውን 500 ሜትር በእግርዎ ይሂዱበት

ከዋናው መንገድ እስከ ቤቱ በር ያለው ውስጥ ለውስጥ መንገድ አብዛኛውን ጊዜ ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን በደረቅ ጊዜ ያንገጫግጫል፤ ዝናብ ሲጥልበትና ጭቃ ሲያዝ ያንሸራትታል፤ ስለዚህ ኮብልስቶኑ ዳገት ላይ ከሆነ ፍሬን ተይዞ መውረድ አደገኛ ነው። ወፈር ያለ ጎማ ያለው ብስክሌት ይህን ይቋቋማል፤ ቀጭን ጎማ ያለው አይቋቋምም። ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ያልተሸፈነ ቦይና ለግንባታ የተቆለለ አሸዋ ካለ ልብ ብለው ይመልከቱ፤ እነዚህን ማታ ሲመለሱ አያዩአቸውም።

በክረምት ውኃ የሚተኛበትን ቦታ የሚነግርዎት ደላላው አይደለም። የሱቁን ባለቤት ወይም መንገድ ዳር ጉሊት የዘረጉትን እናት ይጠይቁ፤ ጎርፉ እስከ የት እንደሚደርስ፣ የመንገድ መብራቱ በእርግጥ ይበራ እንደሆነና ማታ ሰው ይበዛበት እንደሆነ ይነግሩዎታል። ለሴት ብስክሌተኞች ይህ ጥያቄ ቀዳሚ መሆን አለበት፤ አጭር ሆኖ ጭር ከሚል መንገድ ይልቅ ረዘም ብሎ ሱቆች እስከ ምሽት ክፍት የሆኑበት መንገድ ይመረጣል። ስለ ውሾችም የሰፈሩን ጥበቃዎች ይጠይቁ፤ በሌሊትና በንጋት በቡድን የሚዞሩ ውሾች የሚሽከረከር ጎማ ሲያዩ ያባርራሉ። ቢገጥሙዎት ከብስክሌቱ ወርደው እርሱን በእርስዎና በውሾቹ መካከል አድርገው በዝግታ ይለፉ።

በሰፈሩ ብስክሌት ጠጋኝ መኖሩንም ያጣሩ። ጎሚስታ በየቦታው ስለሚገኝ ከመነዳሪ ማስለጠፍና ነፋስ ማስሞላት አያስቸግርም፤ ማርሽና ፍሬን የሚያስተካክል ሰው ግን በሁሉም ሰፈር የለም።

ደረጃ 7፦ ቤቱን በብስክሌተኛ ዓይን ይመልከቱ

ብዙዎቹ ኮንዶሚኒየሞች አራት ፎቅ ያላቸውና አሳንሰር የሌላቸው ናቸው። 15 ኪሎ ግራም የሚመዝን ብስክሌት ተሸክሞ በየቀኑ አራተኛ ፎቅ መውጣት በመጀመሪያው ወር ይቻል ይሆናል፤ በሦስተኛው ወር ብስክሌቱ በረንዳ ላይ አቧራ ይጠጣል። ስለዚህ ምድር ቤት ወይም አንደኛ ፎቅ ይፈልጉ፤ ካልተገኘ ግን ደረጃው ሥር ማቆም ይፈቀድ እንደሆነ የሕንፃውን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ወይም ኮሚቴ ይጠይቁ። ግቢ ውስጥ ላለ ቤት የግቢው በር ማታ በስንት ሰዓት እንደሚዘጋና ብስክሌቱ ከዝናብ የሚጠለልበት ጣሪያ እንዳለ ይመልከቱ። በየትኛውም ሁኔታ ብስክሌቱ ከግድግዳ ወይም ከብረት ጋር የሚታሰርበት ነገር ሊኖር ይገባል፤ በራሱ ጎማ ላይ ብቻ የተቆለፈ ብስክሌት ተሸክሞ ለሚሄድ ሌባ ምቹ ነው።

ውኃውንም አይርሱ። ውኃ በፈረቃ በሚመጣባቸው ሰፈሮች በሳምንት የትኞቹ ቀናት እንደሚመጣና ቤቱ ሮቶ እንዳለው ይጠይቁ፤ አልቦት ቤቱ ለሚደርስ ሰው ይህ ጥቃቅን ጉዳይ አይደለም። በኤሌክትሪክ የሚታገዝ ብስክሌት ካለዎት ባትሪው ተነቅሎ ቤት ውስጥ የሚሞላ መሆኑን ያረጋግጡ።

ደረጃ 8፦ ቀብድ ከመክፈልዎ በፊት መስመሩን ይሞክሩ

ብስክሌት ተውሰው ወይም ተከራይተው መንገዱን በሦስት የተለያዩ ሁኔታዎች ይሂዱበት፦ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 2፡30 ባለው ጊዜ፣ ማታ ከ12 ሰዓት በኋላ መብራት ይዘው፣ እንዲሁም ወቅቱ ከፈቀደ ዝናብ ካባራ በኋላ። እሑድ ጠዋት የተደረገ ሙከራ ብቻውን ያሳስታል፤ መንገዱ ጭር ስለሚል ሁሉም ሰፈር ጥሩ ይመስላል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» በሚል በተመረጡ እሑዶች መንገዶች ለመኪና የሚዘጉበት ልማድ አለ፤ ለጀማሪና ለልጆች መለማመጃነት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ የዕለት ተዕለቱን መንገድ ለመመዘን ግን አይሆንም።

በሙከራው ጊዜ ከብስክሌትዎ ለመውረድ የተገደዱባቸውን ቦታዎችና ታክሲ ወደ ዳር ገብቶ መንገድ የዘጋባቸውን ፌርማታዎች ይመዝግቡ። «ወራጅ አለ» ሲባል ሚኒባስ በድንገት ወደ ዳር እንደሚገባ፣ በሩም እንደሚከፈት አስቀድሞ መገመት ከብስክሌተኛ ይጠበቃል። ይህ በተደጋጋሚ የሚሆንበት መንገድ ከሆነ ትይዩ የሆነ የውስጥ መንገድ ይፈልጉ፤ ብዙ ሰፈሮች አላቸው፤ ካርታም ባያሳያቸው የሰፈሩ ልጆች ያውቋቸዋል።

ደረጃ 9፦ ውሉን ይዋዋሉ

የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ውል ከ2 ዓመት እንዳያንስ፣ ቅድሚያ ክፍያም ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ይደነግጋል፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ በሚመለከተው የመንግሥት አካል ዘንድ ተረጋግጦ መመዝገብ አለበት። ውሉ ለ2 ዓመት የሚታሰብ በመሆኑ፣ ብስክሌቱ የት እንደሚቆም ከባለቤቱ ጋር በቃል የተስማሙትን በጽሑፉ ውስጥ ያስገቡ። «ተከራዩ አንድ ብስክሌት በደረጃው ሥር ወይም በግቢው ውስጥ ማቆም ይችላል» የሚል አንድ ዐረፍተ ነገር በቂ ነው። ባለቤቱ ይህን ለመጻፍ ካመነታ ምክንያቱን በትሕትና ይጠይቁ፤ የግቢው ጥበት ወይም የጎረቤት ቅሬታ ሊሆን ይችላልና፣ ከመፈረምዎ በፊት ሌላ ማቆሚያ ቦታ አብረው ይፈልጉ። ከፈረሙ በኋላ ደግሞ ለጥበቃው ራስዎን ያስተዋውቁ፤ ብስክሌቱንም አሳይተው የእርስዎ መሆኑን እንዲያውቅ ያድርጉ።